የምክር ዓምድ፦ የእማሆይን ዜማ ልጥቀስ ወይስ ልተወው?

የጠያቂያችን ደብዳቤ በአጭሩ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን ፒያኖ አስተምራለሁ። ለመነኩሲቷ የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ለእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ መታሰቢያ የሚሆን አንድ የፒያኖ ሥራ እየደረስኩ ነው፤ ሲጠናቀቅ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ራሴ ላቀርበው አስቤአለሁ። ሥራው ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ከእማሆይ ዜማዎች አንዱን ሙሉውን አንስቶ የእሳቸው አጨዋወት እስኪመስል ድረስ ያስኬደዋል። ሁለተኛው አያቴ ለቅሶ ቤት ሙሾ ሲያወርዱ ከሰማሁት ዜማ የተነሣ ነው። ሦስተኛው የእማሆይን ዜማ መልሶ በድርብ ኦክታቭና በትላልቅ ኮርዶች (ብዙ ቁልፎች በአንድ ጊዜ በሚመቱባቸው ድምፆች) አግዝፎ ይጨርሳል። የቀድሞ መምህሬ ረቂቁን አይተው ‹ይህ መኮረጅ ነው› አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ዜማቸው ከሌለበት ለእሳቸው መጻፉን ማን ያውቃል?› ይለኛል። መካከለኛው ክፍል ከርዕሱ ጋር ስለማይገናኝ ላወጣው እያሰብኩ ነው። በዚህ ላይ እኔ በቤተ ክርስቲያን ዜማ ያደግሁ ሰው አይደለሁም፤ የመነኩሲትን ሙዚቃ መንካቴ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ምክሬን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ። ሊያወጡት ያሰቡትን መካከለኛ ክፍል አያውጡት፤ እንዲያውም የሥራው እምብርት እሱ ይሁን። በመጀመሪያው ክፍል ሙሉ በሙሉ የገባውን የእማሆይን ዜማ አሳጥረው ወደ መጨረሻው ያሸጋግሩት። የሦስተኛውን ክፍል ድርብ ኦክታቭ ግን ሳይሳሱ ይሰርዙት። አብረው የላኩልንን የኖታ ረቂቅ በፒያኖ ተጫውቼ አይቼዋለሁ፤ እንዲህ የምለው ሥራውን ስላልወደድኩት ሳይሆን ከሦስቱ ክፍሎች በመካከለኛው ብቻ የእርስዎን የራስዎን ድምፅ ስላገኘሁ ነው።

ለቀደመ ደራሲ መታሰቢያ የሚሆን ሙዚቃ መጻፍ ረጅም ዕድሜ ያለው ልማድ በመሆኑ፣ እርስዎን ያስጨነቀዎት ጥያቄ ብዙ ትልልቅ ደራሲዎችም በየዘመናቸው የተጋፈጡት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ለሞተ ወዳጅ ወይም መምህር «ቶምቦ» የሚባል የመታሰቢያ ሙዚቃ ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1652 ብላንክሮሸ የተባለው የፓሪስ የሉት (በጣት የሚመታ የክር መሣሪያ) ተጫዋች ከደረጃ ወድቆ ሲሞት፣ ዮሃን ያኮብ ፍሮበርገርና ሉዊ ኩፕራን በየፊናቸው ለክላቭሳን (ከፒያኖ በፊት ለነበረው ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ቶምቦ ጽፈውለታል፤ የፍሮበርገሩ እስከ ክላቭሳኑ ታችኛ ድምፆች በሚወርድ የኖታ መስመር ያበቃል። ይህን ልማድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከሁሉ በላቀ ሁኔታ ያደሰው ፈረንሳዊው ደራሲ ሞሪስ ራቬል ነው። ራቬል እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1917 ባለው ጊዜ ለሉዊ ኩፕራን የወንድም ልጅ ለፍራንሷ ኩፕራን መታሰቢያ «ለ ቶምቦ ደ ኩፕራን» የተባለውን ባለ ስድስት ክፍል የፒያኖ ሥራ ጻፈ። እርስዎም አስተማሪ ነዎትና ሥራውን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ሆኖም ለጥያቄዎ ከእሱ የተሻለ መልስ ስለማላውቅ ጥቂት ላቆይዎት።

ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ራቬል ከኩፕራን ምን እንደወሰደና ምን እንዳልወሰደ ነው። ሥራውን የሚያሳውቅ የኩፕራን ዜማ በውስጡ አናገኝም፤ አድማጩ «ይህቺ እንኳ የኩፕራን ናት» ብሎ እንዲለያት የተቀመጠች ሐረግ የለችም። ይሁን እንጂ ራቬል የመጣው ሳይዘጋጅ አይደለም። ሥራውን ሲጀምር ከኩፕራን የ1722 «ኮንሰር ሯያል» ስብስብ ውስጥ ፎርላን የተባለውን የዳንስ ሙዚቃ በእጁ ወደ ፒያኖ ገልብጦ አጥንቶታል። ከዚያም የራሱን ፎርላን ሲጽፍ የዳንሱን ምት፣ የሐረጎቹን አካሄድና እየተመላለሰ የሚመጣውን አዝማች ጠበቀ፤ በእነሱ ላይ ግን ኩፕራን በዘመኑ ሊያስባቸው የማይችላቸውን ኮርዶች አኖረባቸው። አጥንቱ የኩፕራን፣ ሥጋው የራቬል ነው ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ክፍል፣ በፕሬሉዱ መግቢያ ላይ ደግሞ ትንንሾቹ የጌጥ ኖታዎች ከምቱ ቀድመው ሳይሆን በምቱ ላይ እንዲመቱ በጽሑፍ አዟል። ይህ የክላቭሳን ዘመን ሥርዓት ነው። እንዲህ ባለች አንዲት ትእዛዝ ራቬል የኩፕራንን እጅ ወደ ዘመናዊው ፒያኖ አመጣ፤ ዜማውን ማምጣት ግን አላስፈለገውም።

እርስዎም ከዚሁ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። የእማሆይን አንድ ሥራ ከቅጂ እየሰሙ በራስዎ እጅ በኖታ ይጻፉ፤ ለሥራዎ ሊጠቀሙበት ሳይሆን ለማወቅ ብቻ። ሲጽፉት የመጀመሪያው የሚያስቸግርዎ ነገር የምቱ ጉዳይ ይሆናል፤ ሐረጉ በአሞሌ መስመር (በኖታ ላይ ምቶችን እየመተረ በሚለየው መስመር) ተከፍሎ አይገባልዎትም፤ አንዱ ድምፅ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው ይቆያል፣ ቀጣዩ ይቸኩላል። ሁለተኛው የጌጥ ኖታዎቹ ናቸው፤ አብዛኞቹ ጌጥ ብቻ ሳይሆኑ ድምፃዊ ወደ ዋናው ድምፅ ሲገባ የሚያደርገውን መንሸራተት በፒያኖ ለማስገኘት የሚተጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት እየዘፈኑ በካሴት ያስቀሯቸውና በ2024 «ሱቬኒርስ» በሚል አልበም የወጡት ሥራዎች በእጅዎ ካሉ ጎን ለጎን ይስሟቸው፤ ጣቶቻቸው ከጉሮሯቸው የተማሩትን በግልጽ ይሰሙታል። ሦስተኛው ግራ እጃቸው ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት ድምፅ በሰፊው ዘርግቶ ቀኝ እጅ እንዳሻው እንዲሄድ ቦታ ይለቅለታል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ይምረጡና የራስዎ ሥራ አጥንት ያድርጉት። ምርጫው ለእኔ ቢተው የምቱን ነጻነት እመርጥ ነበር። ረቂቅዎ ሁሉም ነገር በሦስት ምት ተመትሮ ስለተጻፈ፣ ዜማው የእሳቸው ቢሆንም እስትንፋሱ የእሳቸው አልሆነም፤ መምህርዎ «መኮረጅ» ሲሉ የተሰማቸው ይህ ይመስለኛል፤ የተወሰደው ከላይ የሚታየው ብቻ ነውና።

ስለ ጓደኛዎ ጥያቄም ፍትሐዊ ልሁን፤ ዜማ መጥቀስ በራሱ ነውር አይደለም። ፈረንሳዊው ደራሲ ክሎድ ደቡሲ እ.ኤ.አ. በ1918 ካረፈ በኋላ «ላ ረቪው ሚውዚካል» የተባለው የፓሪስ መጽሔት በታኅሣሥ 1920 «ለ ቶምቦ ደ ደቡሲ» በሚል ርዕስ የአሥር ደራሲዎችን የመታሰቢያ ሥራዎች አሳተመ። እነዚያን ሥራዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ መመልከት ለእርስዎ ከማንኛውም የቅንብር ትምህርት የሚበልጥ ይመስለኛል። ፖል ዱካ በፒያኖ ሥራው ከደቡሲ «ፕሬሉድ ኧ ላፕሬ ሚዲ ዳን ፎን» የታወቀውን የዋሽንት ዜማ በግልጽ ጠቅሷል፤ ነገር ግን ከሩቅ እንደሚሰማ ልቅሶ አድርጎ፣ ከሥሩ በሚደጋገም ድምፅ ላይ አንጠልጥሎ አቀረበው እንጂ ደቡሲ እንደጻፈው አላስኬደውም። ማኑኤል ደ ፋያ ለጊታር የጻፈውና በኋላ ራሱ ወደ ፒያኖ ያመጣው ሥራ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሃባኔራ በተባለው የዳንስ ምት ይጓዛል። ያ ምት ደቡሲ ራሱ ስለ ግራናዳ ምሽት በጻፈው የፒያኖ ሥራ ውስጥ የተጠቀመበት ነው። አድማጩ ሳያውቀው ረጅም መንገድ በደቡሲ ምት ከተጓዘ በኋላ መጨረሻ አካባቢ ከዚያ ሥራ የተወሰዱ ጥቂት አሞሌዎች ብቅ ይላሉ፤ ወዲያው ይጠፋሉ፤ ሥራውም ያበቃል። ጥቅሱ የሚነካን ስለዘገየና አጭር ስለሆነ ነው። ደ ፋያ በዚያች ጥቅስ ቢጀምር ኖሮ የቀረው ሁሉ ማብራሪያ ይሆንበት ነበር። ለእርስዎም ዜማውን ወደ መጨረሻ ያሸጋግሩት ያልኩት ከዚህ ተነሥቼ ነው። አዳራሹ ውስጥ ዜማውን የሚያውቁ ሰዎች እንዳሉ አይጠራጠሩ፤ እነሱ እስኪመጣ ድረስ እየጠበቁ የእርስዎን ሙዚቃ ይሰማሉ፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ካገኙት ግን ቀሪውን ጊዜ የሚያሳልፉት ከእማሆይ ቅጂ ጋር በማነጻጸር ነው፤ ያ ንጽጽር ደግሞ ለማንም ወጣት ደራሲ አይበጅም።

በዚያው መጽሔት ውስጥ ከደቡሲ አንድም ነገር ያልጠቀሱም አሉ። ኢጎር ስትራቪንስኪ የሰጠው ዝማሬ መሰል ሙዚቃ የደቡሲን አጻጻፍ ፈጽሞ አይመስልም፤ ለንፋስ መሣሪያዎች የጻፈው ሥራ መዝጊያ ነው። ቤላ ባርቶክ ደግሞ በሃንጋሪ ገበሬዎች ዜማ ላይ ከመሠረታቸው የፒያኖ ሥራዎቹ አንዱን ለደቡሲ መታሰቢያ ብሎ ላከ። እዚህ ላይ ጥያቄዎን መልሼ እርስዎን ልጠይቅዎት፦ «ከርዕሱ ጋር አይገናኝም» ብለው ያሰቡት የአያትዎ ሙሾ ባርቶክ ለደቡሲ ካቀረበው የገበሬ ዜማ በምን ይለያል? ባርቶክ ከደቡሲ ሙዚቃ የተማረው በሜጀርና በማይነር ያልታጠረ አዲስ አሰማም ነበር፤ ስለዚህ ምስጋናውን በዚያ አሰማም የራሱን ሕዝብ ዜማ በማቅረብ ከፈለ። እርስዎም ከእማሆይ የተማሩት አንድ ኢትዮጵያዊ ዜማ ወደ ፒያኖ ሲመጣ ምን ያህል ሳይጎዳ ሊኖር እንደሚችል ከሆነ፣ ያንን በአያትዎ ዜማ ላይ ከመሥራት የበለጠ ምስጋና የለም።

ወደ ራቬልም አንድ ጊዜ ልመለስ፤ ስለ ሙሾው የሚነግረን ነገር አለውና። «ለ ቶምቦ ደ ኩፕራን» በርዕሱ የኩፕራን ይሁን እንጂ ስድስቱ ክፍሎች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የራቬል ወዳጆች የተሰጡ ናቸው። ሪጎዶን የተባለው ክፍል በአንድ የመድፍ ጥይት አብረው ለሞቱት ለፒየርና ለፓስካል ጎዳን፣ ለሁለት ወንድማማቾች ነው። መዝጊያው ቶካታ የተሰጠው ለካፒቴን ጆዜፍ ደ ማርሊያቭ ሲሆን፣ ሥራውን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1919 በፓሪስ ሳል ጋቮ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተችው ማርጌሪት ሎንግ የካፒቴኑ ባለቤት ነበረች። በእነዚያው ዓመታት ራቬል ራሱ በቬርደን ግንባር አካባቢ የጭነት መኪና ነድቷል፤ በጥር 1917 እናቱን ቀብሯል። ሙዚቃው ግን እንጉርጉሮ አይደለም፤ የዳንስ ሙዚቃ ነው፤ ሐዘኑን የያዘው በንጹሕ አሠራሩ ውስጥ ነው። ራቬል ለቀደመው ደራሲ የሠራውን ቤት ለራሱ ሙታን ማረፊያ አደረገው፤ ይህን ማድረጉም ኩፕራንን አላሳነሰውም። የእርስዎ አያትም በእማሆይ መታሰቢያ ውስጥ ቢገቡ ማንም አይነሣባቸውም፤ ይልቁንም ሥራው በእርግጥ የሚታሰብ ሰው ያገኛል።

ስለ አሠራሩ አንድ ነገር ልጠቁም። በረቂቅዎ ላይ ሙሾው የተጻፈው ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል በሚሉት አምስት ድምፆች፣ በባቲ ቅኝት፣ ላ ላይ እያረፈ ነው። የእማሆይ ዜማ ደግሞ በሙሉ ትዝታ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ላይ የቆመና ዶ ላይ የሚያርፍ ነው። አምስቱ ድምፆች ያው መሆናቸውን ልብ አላሉት ይሆናል። የሚለየው የማረፊያው ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአያትዎ ወደ እማሆይ ለመሻገር አሁን የጻፉት ያ የተጨነቀ የስምንት አሞሌ መሸጋገሪያ አያስፈልግዎትም፤ ማረፊያውን ቀስ በቀስ ከላ ወደ ዶ ማዛወር ይበቃል፤ አድማጩ ሙሾው መቼ እንዳበቃና ትዝታው መቼ እንደጀመረ ሳያውቅ ይሻገራል። ሩሲያዊው ደራሲ ዲሚትሪ ሾስታኮቪች ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1950 ጀርመናዊው ደራሲ ባኽ ያረፈበት 200ኛ ዓመት በላይፕዚግ ሲከበር ተገኝቶ፣ ወጣቷን ፒያኖ ተጫዋች ታቲያና ኒኮላዬቫን በፒያኖ ውድድሩ ላይ ከሰማ በኋላ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ 24 ፕሬሉዶችና ፉጎች (አንድ ዜማ በተለያዩ ድምፆች ተራ በተራ እየተነሣ የሚሠራባቸው ሥራዎች) ጽፎ ጨረሰ። የመጀመሪያው ፉግ ከመነሻው እስከ መድረሻው በነጮቹ ቁልፎች ብቻ ይሄዳል፤ አንድም ዲየዝ፣ አንድም ቤሞል የለበትም፤ ለውጡ ሁሉ የሚመጣው ያው ዜማ በተለያየ ደረጃ ላይ ስለሚነሣ ነው። ይህን ፉግ አንድ ምሽት ተቀምጠው ቢያጠኑት፣ በጥቂት ድምፅ ብዙ መንገድ መሄድ እንደሚቻል ከእኔ ቃላት በተሻለ ያስረዳዎታል።

ሦስተኛውን ክፍል ይሰርዙ ያልኩበትን ምክንያት ደግሞ ከዚሁ ከቅኝቱ ማየት ይቻላል። በሙሉ ትዝታ ውስጥ ፋና ሲ የሉም። እርስዎ ግን መጨረሻውን ለማግዘፍ ብለው በየሐረጉ መዝጊያ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ የሚለውን ኮርድ አስገብተዋል፤ ይህም በቅኝቱ ውስጥ የሌሉትን ሁለቱንም ድምፆች በአንድ ጊዜ ይዞ ይገባል። ለዚህ ነው ድምፁ ሲጎላ ትዝታው የሚጠፋው። እማሆይ ራሳቸው በምዕራቡ ሙዚቃ የሠለጠኑ ስለነበሩ ከአውሮፓ የመጣውን ኮርድ አልጠሉትም፤ የቫልስ መንፈስ ያለባቸው ሥራዎች አሏቸው። ሆኖም ኮርዱ ዜማውን እንዲከተል እንጂ እንዲመራ ሲፈቅዱ ብዙም አልሰማሁም። ደግሞም ግዝፈት የአክብሮት መለኪያ አይደለም። ሃንጋሪያዊው ጂዮርጂ ኩርታግ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ «ያቴኮክ» በተባለው የፒያኖ ስብስቡ ውስጥ ለቀደሙትም ለዘመን ጓደኞቹም ብዙ መታሰቢያዎችን ጽፏል፤ ብዙዎቹ ከአንድ ገጽ አያልፉም፤ አንዳንዶቹ ጥቂት ድምፆች ብቻ ናቸው። ኩርታግና ባለቤቱ ማርታ እነዚህን ሥራዎች ድምፁ በታፈነ የግድግዳ ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በመካከላቸው ለአራት እጅ የተገለበጡ የባኽ ሥራዎችን እያስገቡ ለአድማጭ ያቀርቡ ነበር። እኔ እንዲያውም የእርስዎ ሥራ በአጠቃላይ አሁን ካለው በግማሽ ቢያጥር አይጎዳም ባይ ነኝ።

አሁን ወደ መጨረሻው ፍርሃትዎ ልምጣ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ የከበደኝም እሱ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ዜማ አለማደግዎ የእማሆይን ሙዚቃ ከመውደድና ለእሳቸው ከመጻፍ አይከለክልዎትም። እማሆይ መነኩሲት ነበሩ፤ በግሸን ማርያም ለአሥር ዓመት ያህል ኖረዋል፤ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስካረፉበት እስከ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያውያን ገዳም ኖረዋል። ነገር ግን የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሆነው አዲስ አበባ ተወልደው፣ በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያን የተጋዙ፣ ከዚያም በካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ የሠለጠኑ ሴትም ናቸው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑት አድገው፣ በጎንደር በኖሩበት ጊዜ፣ እንደ ተማሪ ቀርበው ነው። ይህን የምነግርዎ ሙዚቃቸው ብዙ በር እንዳለው እንዲያዩ ነው፤ እርስዎ የገቡት በፒያኖው በር ነው፤ እሱም የእሳቸው የመጀመሪያ በር ነበር።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በረቂቁ መጀመሪያ ላይ «በግዕዝ ዜማ መንፈስ» የሚል ማስታወሻ ጽፈዋል፤ ከሥሩ ያለው ሙዚቃ ግን ከግዕዝ ዜማ ጋር የሚያገናኘው ነገር አላገኘሁበትም። ማስታወሻውን ያጥፉት። የቤተ ክርስቲያን የዜማ ስልቶች የሆኑት ግዕዝ፣ እዝልና አራራይ የራሳቸው ሥርዓትና የራሳቸው ምልክት ያላቸው፣ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሰጥተው የሚማሯቸው ናቸውና ለስሜት ማድመቂያ ተብለው በወረቀት ጠርዝ መጠራት የለባቸውም። ወደፊት በእርግጥ ከዚያ መነሣት ቢፈልጉ ወደ አንድ መሪጌታ ሄደው ቁጭ ብለው ይማሩ፤ ለአሁኑ ሥራ ግን አያስፈልግዎትም። ኤይቶር ቪላ-ሎቦስ ከብራዚል ሆኖ ለባኽ «ባኪያናስ ብራዚሌይራስ» የተባሉትን ዘጠኝ ሥራዎች እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1945 ሲጽፍ የጀርመን ቤተ ክርስቲያን ሰው ለመምሰል አልሞከረም። ለፒያኖ በጻፈው በአራተኛው ሥራ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ስም አለው፤ አንዱ ባኽ የሚያውቀው፣ ሌላው ብራዚላዊ። ኮራል በተባለው ክፍል ውስጥ እየተደጋገመች ከላይ የምትመታው ድምፅ አራፖንጋ የተባለችው የብራዚል ወፍ ጩኸት ናት። ቪላ-ሎቦስ ለባኽ ያለው ፍቅር በዚያች ወፍ ምክንያት ሲቀንስ አልሰማሁም፤ በባኽ ሥርዓት ውስጥ የራሱ አገር እንዲሰማ አድርጓል።

የቀረው የወረቀት ሥራ ነው፤ ቀላል ቢመስልም ችላ አይበሉት። የእማሆይ ሥራዎች በሕግ የተጠበቁ ናቸው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ከሞቱ በኋላም ለ50 ዓመት ይቀጥላልና፣ ዜማቸውን ሙሉ በሙሉ መውሰድ ያለ ፈቃድ አይቻልም። እኔ እንደመከርኩት ጥቂት አሞሌ ብቻ ቢጠቅሱም፣ ሥራው ሊቀዳ ወይም ሊታተም የሚችል ስለሆነ፣ በስማቸው ለተቋቋመው የሙዚቃ ፋውንዴሽን ጽፈው ያሳውቁ፤ ፈቃድም ይጠይቁ። በደብዳቤው ላይ የየትኛውን ሥራ የትኛውን ቦታ እንደጠቀሱ በግልጽ ያስፍሩ፤ የኖታዎንም ገጽ ያያይዙ። በዝግጅቱ መርሐ ግብር ላይም ይኸው ይጻፍ፦ የጠቀሱት ሥራ ስም፣ የእማሆይ ሙሉ ስም፣ ሙሾው ደግሞ ከአያትዎ የተሰማ መሆኑ፤ ፈቃዳቸው ከሆነ የእሳቸውም ስም።

ስለ ርዕሱ ከጠየቁኝ፣ አሁን የሰጡት ርዕስ ከራሳቸው ሥራ ርዕስ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ሰው ያልታወቀ የእማሆይ ሥራ የተገኘ ሊመስለው ይችላል፤ ደቡሲ እ.ኤ.አ. በ1905 ለቀደመው ፈረንሳዊ ደራሲ ለራሞ የጻፈውን የፒያኖ ሥራ «ኦማዥ ኧ ራሞ» ብሎ እንደተወው እርስዎም በግልጹ «ለእማሆይ ጽጌ ማርያም» ይበሉት። በዝግጅቱም ላይ ከእርስዎ ሥራ በፊት ሳይሆን ከእርስዎ ሥራ በኋላ ከእማሆይ ሥራዎች አንዱን እሳቸው እንደጻፉት ይጫወቱ፤ ከጠቀሱት ሥራ ሌላ የሆነ ቢሆን ይሻላል። ለፋውንዴሽኑ የሚጻፈውን ደብዳቤ ግን የኖታው እርማት እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ መልሱ ሊዘገይ ስለሚችል በዚህ ሳምንት ይላኩት። የተስተካከለውን ረቂቅ ሲጨርሱ ቢልኩልኝ፣ በተለይ ከባቲ ወደ ትዝታ የሚሻገሩበትን ቦታ በደስታ አየዋለሁ።